በረራ ላይ ያመለጠኝ መርዶ

አዳማ ሰፈራችን ውስጥ በልጅነቴ የምታወቀው በአንድ ነገር ነበር፤ የታዘዝኩትን አላዛንፍም። ጎረቤት መልእክት ሲኖረው «መቅደስን ላኳት» ይባላል። የተነገረኝን ቃል በቃል አድርሼ፣ መልሱንም ቃል በቃል ይዤ እመለሳለሁ። ለዚህ የሚሰጠኝን ምርቃት እወደው ነበር። ይህን የምነግራችሁ ራሴን ለማመስገን አይደለም። ከዚህ በታች የምጽፈውን ጥፋት የሠራችው ልጅ ምን ዓይነት እንደነበረች እንድታውቁልኝ ነው።

ዘንድሮ ዩኒቨርሲቲ ስገባ የተመደብኩት ጅግጅጋ ነው። እናቴ ርቀቱን ሰምታ ብዙ ያልተጨነቀችው ታላቅ እህቷ፣ አክስቴ ሰናይት፣ እዚያው ከተማ አዋላጅ ነርስ ስለሆነች ነው። እኔ እትዬ እላታለሁ። ባሏ ከሞተ በኋላ ሥራዋ ከከተማ ከተማ ሲያዘዋውራት አንድ ልጇን ናትናኤልን ለእናቴ ትታ ነበር የሄደችው። ስለዚህ ናቲ የአክስቴ ልጅ ቢሆንም ያደግነው በአንድ ቤት፣ በአንድ ሳህን እየበላን ነው። ትምህርቱን ሲጨርስ ባቱ፣ አንድ የአትክልት እርሻ ላይ የውሃ ፓምፕ ጥገና ሠራተኛ ሆኖ ተቀጠረ። ወደ ቤት ሲመጣ ቲማቲም በካርቶን ይዞ ይመጣና ለሰፈሩ ሁሉ ያድላል።

በሚያዝያ፣ አንድ ረቡዕ ረፋድ ላይ፣ ቤተ መጻሕፍት ቁጭ ብዬ ሳጠና አጎቴ ጋሽ ታደሰ ደወሉ። ጋሼ የእናቴና የእትዬ ወንድም ናቸው። ወለንጪቲ እህል ይነግዳሉ፤ በቤተሰባችን ውስጥ የመጨረሻውን ቃል የሚናገሩት እሳቸው ናቸው።

«መቅዲ፣ ብቻሽን ነሽ?»

«አይ፣ ቤተ መጻሕፍት ነኝ ጋሼ።»

«ወደ ደጅ ውጪ።»

ወጣሁ። «ስሚኝ፤ እንዳትጮሂ» አሉ። «ናቲ ትናንት ማታ ከባቱ ሲመጣ የተሳፈረበት መኪና መቂ አጠገብ ተገለበጠ። አልተረፈም።»

የአበባ መደቡ ጠርዝ ላይ ተቀመጥኩ። ጋሼም እያለቀሱ እንደሆነ ከትንፋሻቸው አወቅኩ። ከዚያ ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

«አሁን አታልቅሺ። ሰናይት ዓይንሽን ታይብሻለች። ወባ ታሞ ሆስፒታል ገብቷል፣ እናቴን ጥሩልኝ ብሏል በያት። የከሰዓቱን የአዲስ አበባ በረራ ለሁለታችሁም ቆርጠናል። ስልኳን በዘዴ ያዢባት፤ የሰፈር ልጆች ፎቶውን ፌስቡክ ላይ መለጠፍ ጀምረዋል። ጥቁር ልብስ እንዳትለብሺ። ነገ ሲነጋጋ ሽማግሌዎች ይነግሯታል፤ ቀብሩ በስድስት ሰዓት ነው። እስከዚያ ከአንቺ አፍ ምንም እንዳይወጣ። አደራ።»

«እሺ ጋሼ» አልኩ። ከዚያ ደብተሬን አውጥቼ ያሉትን በሙሉ ጻፍኩት። የወንድሜን ሞት በሰማሁ በአሥር ደቂቃ ውስጥ ትእዛዝ እጽፍ ነበር። እንዲህ ዓይነት ልጅ ነበርኩ።

እትዬን ከሥራ ቦታዋ በር ላይ አገኘኋት። ነጭ ጋውኗን እንደለበሰች ሰማችኝ። ሌላ እናት ብትሆን ደረቷን ትመታ ነበር። እሷ ግን ጠየቀችኝ።

«ስንት ቀኑ ነው?»

«ሦስት… ሦስት ቀኑ ነው አሉ።»

«ደሙ ታየ? የትኛው ወባ ነው አሉ?»

«እሱን አልነገሩኝም።»

«ራሱን ያውቃል? ያወራል?»

«ያወራል እትዬ። እናቴን ጥሩልኝ ብሏል።»

ቀና ብላ አየችኝ። «እናቴን አለ? እሱ እኮ ሰኒ ነው የሚለኝ፤ እናቴ ብሎኝ አያውቅም።»

ጋሼ ለዚህ የሰጡኝ መልስ አልነበረም። እሷ ግን ራሷ መለሰችው። «ትኩሳት ሲበዛ እንደዚህ ነው» አለች። «ትልቁም ሰው ሕፃን ይሆናል።» ይህን ብላ ጋውኗን አወለቀች። ስልኬ ባትሪ ጨረሰ ብዬ ስልኳን ስለምናት ያለ ምንም ጥርጣሬ ሰጠችኝ። አጥፍቼ ቦርሳዬ ውስጥ ከተትኩት።

አውሮፕላኑ በየክንፉ ላይ አንዳንድ ፕሮፔለር ያለው፣ አነስ ያለ ነበር። ስልሳ ያህል ሰው ነበርን። እትዬ በመስኮቱ በኩል፣ እኔ በመተላለፊያው በኩል ተቀመጥን። ከእኔ ወዲያ ማዶ አንድ ነጭ ኮፍያ ያደረጉ ሽማግሌ ነበሩ። ሐጂ ከድር እንደሚባሉና አገራቸው ሁሩታ እንደሆነ ገና ሳንነሳ ነገሩን። ጅግጅጋ የተዳረች ልጃቸውን ጠይቀው መመለሳቸው ነበር።

«አንቺስ የየት ልጅ ነሽ?»

«አዳማ።»

«እንግዲያማ ጎረቤት ነን። ሃያ ዓመት አይሱዙ ነድቼ አዳማ ገበያ እህል አራግፌያለሁ። ልጄ ናት በግድ እዚህ ላይ የሰቀለችኝ። መኪና ሲበላሽ ወርደህ ጎማውን ትመታለህ፤ ይሄ ሲበላሽ ምኑን ትመታዋለህ?»

እትዬ ፈገግ አለች። በዚያ ቀን ፈገግ ስትል ያየኋት ያኔ ብቻ ነው። እኔም ፈገግ ማለት ነበረብኝና አልኩ።

የመጀመሪያው ሠላሳ ደቂቃ ሰላም ነበር። እትዬ እጇን ጭኗ ላይ አጣጥፋ ስለ ናቲ አወራችኝ። ከሆስፒታል ሲወጣ ጅግጅጋ ወስዳ አንድ ወር እንደምታሳርፈው፣ ባቱ ያለ አጎበር እንደሚተኛ ስታውቅ በስልክ እንደተቆጣችው። «አጎበር ገዝቼ የላክሁለትን ለዓሣ አጥማጆች ሰጠው አሉኝ» አለች። «እንዲህ ዓይነት ልጅ ነው እኮ።» እኔ «ነው» እያልኩ ራሴን እነቀንቅ ነበር። ነበር ማለት እንደሌለብኝ በየቃሉ እጠነቀቅ ነበር።

ወደ አዲስ አበባ ስንቃረብ በመስኮቱ የሚታየው ሰማይ ጠቆረ። ካፒቴኑ ከፊታችን ከባድ ዝናብ እንዳለ፣ ቀበቶ እንድናስር ተናገረ። አስተናጋጇ የሻይ ጋሪዋን በፍጥነት ወደ ኋላ ገፋች። ደመናው ውስጥ ስንገባ ልክ በኮረኮንች መንገድ ላይ እንደሚሄድ መኪና መንገጫገጭ ጀመርን።

«ይሄንንስ አውቀዋለሁ» አሉ ሐጂ። «የሁሩታ የድሮው መንገድ ነው።» አንድ ሁለት ሰው ሳቀ።

ከዚያ ወደቅን። ሌላ ቃል የለኝም። አውሮፕላኑ ከሥራችን ጠፋ። አንድ ሰው ከፊት ጮኸ። የላይኛው ዕቃ መደርደሪያ ተከፍቶ ቦርሳ መተላለፊያው ላይ ወደቀ። ወዲያው በረዶ ጣሪያውን መቀጥቀጥ ጀመረ፤ ጠጠር የሚያራግፉብን ይመስል ነበር። ነጭ ብርሃን ፈነጠቀ፣ ከብርሃኑ ጋር ጆሮ የሚደፍን ድምፅ መጣ፣ መብራቱም ጠፋ።

መብራቱ ሲመለስ እትዬ በመስኮቱ እያየች ነበር። በትከሻዋ ላይ አሻግሬ አየሁ። በእኛ በኩል ያለው ፕሮፔለር ቆሟል። ምላጮቹ አንድ በአንድ ይቆጠሩ ነበር።

ካፒቴኑ ተናገረ። አንዱ ሞተር እንደቆመ፣ አውሮፕላኑ በአንድ ሞተር ማረፍ እንደሚችል፣ የአስተናጋጆቹን ትእዛዝ እንድንከተል። ድምፁ የተረጋጋ ነበር፤ የእኛ ግን አልነበረም። ከኋላ አንዲት ሴት በሶማልኛ፣ ከፊት አንድ ሰው በኦሮምኛ ይጸልያሉ። ሐጂ ዓይናቸውን ጨፍነው ከንፈራቸውን ያንቀሳቅሳሉ። በመሃል ገለጥ አድርገው አዩኝና «ጀባዱ ልጄ፣ በርቺ» አሉኝ።

ወደ ታች ወረድን። የቤት ጣሪያዎች ለአፍታ ታዩ። ልናርፍ ነው ስል አውሮፕላኑ ወደ ጎን ተጣለ፤ ያለው አንድ ሞተር አጓራ፤ እንደገና ወደ ላይ ወጣን። ነፋሱ አላሳርፍ ብሎን ነበር። ተመልሰን ደመናው ውስጥ ገባን። ያን ጊዜ ነው መሞቴን ያመንኩት።

ወደ እትዬ ዞርኩ። ግንባሯን ከፊቷ ያለው ወንበር ላይ አስደግፋ ትናገር ነበር። መጀመሪያ ስለ እኛ የምትጸልይ መሰለኝ። ጆሮዬን ሳስጠጋ ሰማሁ።

«ቁልቢ ገብርኤል፣ አንድ ልጅ ነው ያለኝ። እሱን ተውልኝና እኔን ውሰደኝ። እዚሁ ውሰደኝ። ቃሌ ነው፤ አልመለስበትም።»

ቃሉን እንደጨረሰች አውሮፕላኑ ዳግመኛ ወደቀ። ከመጀመሪያው የባሰ ነበር። እትዬ ግን ቀና ስትል ፊቷ ላይ ፍርሃት አልነበረም። እጄን ያዘች።

«ሰማኝ» አለች። «መቅዲ፣ ሰማኝ መሰለኝ። ናቲ ይተርፋል።»

እዚህ ላይ እውነቱን ልጻፍ። ለእሷ አዝኜ ቢሆን ጥሩ ነበር። እውነት ሳትሰማ እንዳትሞት አስቤ ቢሆን ጥሩ ነበር። እኔ ግን ያሰብኩት ስለ ራሴ ነው። በስለት ቤት ነው ያደግኩት። ስለት እንደሚሰማ፣ ቃል እንደሚያዝ እየሰማሁ ነው ያደግኩት። በዚያች ደቂቃ ይህን አውሮፕላን ወደ ታች የሚጎትተው ነፋሱና በረዶው ሳይሆን የአክስቴ ቃል መስሎ ታየኝ። የምትሰጠው የራሷን ነፍስ ብቻ ሳይሆን እኔ ያለሁበትን አውሮፕላን ጭምር ነበር።

«እትዬ፣ መልሺው» አልኳት።

«ምኑን?»

«ቃልሽን። አልሰጥም በይ። ቶሎ በይ።»

«አልመልስም። ምን ነካሽ?»

«ናቲ የለም» አልኩ። «ሞቷል። ትናንት ነው የሞተው፣ በመኪና። በባዶ ነው የምትሰጪው። እባክሽ መልሺው።»

ያልኩት ይህን ነው። አንድ ቃል አልጨመርኩም፣ አልቀነስኩም። ጮክ ብዬ ነበር የተናገርኩት፤ ሐጂ ከድር ዓይናቸውን ገልጠው ወደ እኛ ሲዞሩ አየሁ።

እትዬ እጄን አልለቀቀችም። አፌን ታየው ነበር፣ ሌላ ነገር ይወጣ እንደሆነ። ከዚያ የጠየቀችኝን እስከ ዛሬ አልረሳሁትም።

«ስንት ሰዓት ላይ?»

«ማታ ሁለት ሰዓት አካባቢ አሉ።»

«ሁለት ሰዓት ላይ ተረኛ ነበርኩ» አለች። «ሴት ልጅ አዋለድኩ። ሦስት ኪሎ ተኩል።»

አስተናጋጇ ከኋላ ሆና «አንገታችሁን ዝቅ፣ ዝቅ አድርጉ» እያለች ትጮህ ነበር። እኔ አልሰማሁም፤ እንዳየኋት ደርቄ ቀርቻለሁ። እትዬ ቀበቶዬን ሳብ አድርጋ አጠበቀችው። መዳፏን ማጅራቴ ላይ አድርጋ ራሴን ወደ ጉልበቴ ጫነችው፤ ክንዷን ደግሞ ከላይ አደረገችልኝ። እንደዚያ ሆነን መሬት ነካን። አንዴ ነጠርን፣ ሁለተኛ ነካን፣ ወደ ጎን ተንሸራተትን፣ ቆምን።

ሰው አጨበጨበ። የማይተዋወቁ ሰዎች ተቃቅፈው አለቀሱ። በመስኮቱ የእሳት አደጋ መኪኖች በዝናቡ ውስጥ ሲመጡ ይታያል። እኛ ሁለታችን አላጨበጨብንም። ሐጂ ከድርም አላጨበጨቡም። ሰዉ እስኪወርድ ጠበቁና ከወንበራቸው ተነሥተው እትዬ ፊት ቆሙ፤ እጃቸውን ደረታቸው ላይ አደረጉ።

«አላህ ያጽናሽ እህቴ» አሉ በዝግታ። «ልጅቷን አትቆጪያት። ሁላችንም ያኔ የሆንነውን አንድዬ ነው የሚያውቀው።»

እትዬ ራሷን ነቀነቀች። የመጀመሪያውን የማጽናኛ ቃል የነገሯት አንድ የማታውቃቸው የሁሩታ ሰው ናቸው።

አየር ማረፊያው መታጠቢያ ቤት ገብታ ብዙ ቆየች። የውሃው ድምፅ ብቻ ይሰማኝ ነበር። ስትወጣ ፊቷ ርጥብ ነው።

«ዓይኔ ቀልቷል?»

«ትንሽ።»

«አውሮፕላኑ አስለቀሰኝ እንላለን። ማን ነው ሊቀበለን የመጣው?»

«ጋሼ።»

«እንግዲያው ስሚኝ። አንቺ ምንም አልነገርሽኝም። ታደሰን አውቀዋለሁ። መርዶ ያፈሰሰች ልጅ ተብለሽ ትቀሪያለሽ፤ የሰርግሽ ቀን ሳይቀር ያነሱብሻል። ሽማግሌዎቹ ይንገሩኝ።»

«እትዬ፣ እስከ ነገ ጠዋት እንዴት ትችይዋለሽ?»

«አላውቅም» አለች። «እናያለን።»

አየሁ። በፍጥነት መንገዱ ላይ ጋሼ እየነዱ፣ እሷ ከጎናቸው፣ እኔ ከኋላ ተቀምጬ አየሁ። ጋሼ ጥቁር እንዳይሆን ብለው ያደረጉት ሸሚዝ ሰማያዊ ነበር፤ ገና ከላስቲኩ የወጣ፣ ማጠፊያው ያልጠፋ። ስለ በረራው ነገርናቸው፤ ደነገጡ፣ አማተቡ። ነርስ የሆነች እናት ዝም ካለች እንደሚጠረጠር እትዬ አውቃለች።

«ትኩሳቱ እንዴት ሆነ?» አለች።

ጋሼ መሪውን ጠበቅ አድርገው ያዙ። «ወርዷል፤ ተመስገን በይ።»

«ተመስገን» አለች።

«አሁን መጠየቂያ ሰዓቱ አልፏል፤ ጠዋት እወስድሻለሁ።»

«ምግብ ቀመሰ?»

«ሾርባ ቀምሷል።»

«ሾርባ ጥሩ ነው» አለች እትዬ፤ ፊቷን ወደ መስኮቱ መለሰች። ጋሼ በመስታወቱ ውስጥ እኔን ፈልገው በዓይናቸው አመሰገኑኝ። አንገቴን ደፋሁ።

ቤት ስንደርስ እናቴ በግድ የታጠበ ፊት ይዛ ወጣች። ሰው ሁሉ ይስቃል፤ ሳቁ ግን ከየአፉ ቶሎ ያልቃል። እትዬ እራት በላች። እናቴ ያጎረሰቻትን ሁሉ ዋጠች። ከዚያ ከእኔ ጋር አንድ አልጋ ላይ ጋደም አለች። አልተኛችም፣ እኔም አልተኛሁም።

ሰማዩ ሲገረጥ የውጭው በር ተከፈተ። አምስት ሽማግሌዎች ጋቢያቸውን ተከናንበው ገቡ፤ ጋሼ ከኋላቸው ነበሩ። እትዬ ተነሥታ ተቀመጠች። አንደኛው ሽማግሌ «ሰናይት፣ የሰጠሽ እሱ ነው፣ የወሰደውም እሱ ነው» ብለው ጀመሩ። አላስጨረሰቻቸውም። ከአፏ የወጣውን ድምፅ ልገልጸው አልችልም። አስመስላ የጮኸች እንዳይመስላችሁ። ያ ጩኸት እውነተኛ ነበር፤ ከትናንት ከሰዓት ጀምሮ ለእኔ ስትል አምቃ የያዘችው ነው።

ከቀብር መልስ ድንኳን ውስጥ ጋሼ ጎናቸው አስቀመጡኝና ለሽማግሌዎቹ «ይቺ ልጅ ከዚያ ሁሉ አገር፣ በዚያ ሁሉ ጭንቅ፣ አንድ ቃል ሳያመልጣት አደራዋን አደረሰች» አሏቸው። መረቁኝ። «አሜን» አልኩ። በሕይወቴ የዋሸሁት ትልቁ ውሸት ያ «አሜን» ነው።

ከአርባው በኋላ እትዬና እኔ የናቲን ዕቃ ልናወጣ ባቱ ሄድን። ከመናኸሪያው በባጃጅ ተሳፍረን የተከራየበት ክፍል ደረስን። ልብሶቹን አልጋው ላይ ዘርግተን እያጣጠፍን ሳለ እትዬ ድንገት ጠየቀችኝ።

«ለምንድን ነው የነገርሽኝ?»

ለዚህ ጥያቄ አርባ ቀን ሙሉ መልስ ሳዘጋጅ ነበር። «እውነቱን ማወቅ መብትሽ ስለሆነ…» ብዬ ጀመርኩ። አየችኝ።

«ፈርቼ ነው» አልኩ። «ስለትሽ የሚሰማ መሰለኝ። አብሬሽ እንዳልሞት ነው።»

ሸሚዙን እንደያዘች አልጋው ላይ ተቀመጠች። ትቆጣኛለች ብዬ ጠብቄ ነበር፤ ብትቆጣኝ ደስ ይለኝ ነበር።

«እኔ ያንን ስናገር» አለች በመጨረሻ፣ «አንቺ ጎኔ መኖርሽን አላስታወስኩም። እህቴ ልጄን እንደ ልጇ አሳድጋልኝ፣ እኔ የእሷን ልጅ ከነስልሳው ሰው ጨምሬ ሰጠሁ። ስትነግሪኝ መጀመሪያ የገባኝ የናቲ መሞት አይደለም። ያልኩት ነገር ነው የገባኝ። አንቺ ፈራሽ፤ እኔ ግን እናንተን መቁጠር ረሳሁ። የማናችን ይብሳል?»

«የኔ» አልኩ።

«የኔ» አለች እሷም።

ይቅርታ አልተጠያየቅንም። የቀረውን ልብስ አጣጥፈን ጨረስን።

ይህን የምታነቡ ሰዎች፣ ምናልባት ከመካከላችሁ እንደ እኔ በታዛዥነቱ የሚመሰገን ይኖር ይሆናል። እኔ ራሴን የማውቅ ይመስለኝ ነበር፤ ያወቅኩት ግን ሌሎች ያሉልኝን ብቻ ነው። ፍርሃት አንገቴን ሲይዘኝ የወጣችው ልጅ ሌላ ነበረች፤ እሷም እኔው ነኝ። መርዶ መደበቅ ልክ ነው ወይስ ስሕተት የሚለውን አልፈርድም። ሽማግሌዎቹ ሲነግሯት አምስት ሰው ደግፏት ነበር፤ እኔ ስነግራት የደገፈችው እሷ እኔን ነው። እስካሁን የሚረብሸኝ ይህ ነው። አሁንም ሰው ሲያመሰግነኝ ቶሎ አላምንም፤ ሌላው ሰው ፈርቶ ያደረገውን ስሰማም ቶሎ አልፈርድም።

ጋሽ ታደሰ እስካሁን አላወቁም። ይህ ጽሑፍ እናንተ ዘንድ ሲደርስ እሳቸውም ማንበባቸው አይቀርም። ስለዚህ ነገ ጠዋት ወለንጪቲ እሄዳለሁ፤ ከወረቀት ሳይሆን ከእኔ አፍ እንዲሰሙት። እትዬ አብሬሽ ልምጣ ብላኝ ነበር፣ እንቢ አልኳት።

«እንግዲያው ሁሉንም ንገሪው» አለችኝ። «የእኔንም።»